ሰፈራችን ጥግ የቆሙት ሣጥኖች የምን ናቸው? ኮብልስቶኑ ሳይነጠፍ እንወቅ

ጤና ይስጥልኝ ጎረቤቶች። ታላላቆቻችንም ታናናሾቻችንም እንዴት ከረማችሁ?

ከደብረ ብርሃን በአንኮበር መውጫ በኩል አዲሶቹ የማህበር ቤቶች ያሉበት ሰፈር ውስጥ፣ ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ሦስት ዓይነት ሣጥን ተተክሏል። አንደኛው ትልቅ ነው። አመድማ፣ ባለ ሁለት በር፣ ቁመቱ የአዋቂ ሰው ትከሻ የሚደርስ፣ በሩ ላይ አየር ማስገቢያ ያለው። ጠጋ ላለው ሰው ሳያቋርጥ ሲያጉረመርም ይሰማል። ሁለተኛው ጠበብ ያለ ነው፤ በሲሚንቶ መደብ ላይ ተቀምጧል፣ ድምፅ የለውም፣ ቀዳዳም የለውም። ሦስተኛው ምሰሶ ላይ ከፍ ተደርጎ የታሰረ ትንሽ ጥቁር ሣጥን ነው፤ ከሥሩ ቀጫጭን ገመዶች ይወርዳሉ።

ሰዉ የየራሱን ይላል። መብራት ነው የሚል አለ፤ ካሜራ ነው የሚል አለ፤ ጨረር የሚለቅ ነገር ነው ብሎ ልጆቹን በዚያ በኩል እንዳያልፉ የከለከለም አለ። የሚተክሉትን ልጆች ብንጠይቃቸው የታዘዙትን እንደሚሠሩ ብቻ ነገሩን።

እኔ የምጠይቀው ይህን ነው። ሳይከፈትና ሳይነካ፣ ከውጭ ብቻ ታይቶ የየትኛው እንደሆነ መለየት ይቻላል ወይ? ሣጥኑ ደጃችን ስለቆመ ፋይበር፣ ኢንተርኔትን በብርሃን የሚያመጣው የመስታወት ገመድ፣ ቤታችን ይገባል ማለት ነው ወይ? ደግሞ የውስጥ ለውስጥ መንገዳችን ኮብልስቶን ሊነጠፍ ገንዘብ እየተዋጣ ነው፤ ከዚያ በፊት ማድረግ ያለብን ነገር አለ? እንቅልፍ የነሳኝ ይሄኛው ነው። በሌላ ሰፈር የተነጠፈው ድንጋይ መጀመሪያ ለውኃ፣ ቀጥሎ ለመብራት፣ ኋላ ደግሞ ለኬብል እየተነቀለ ዛሬ መንገዱ ጎርባጣ ሆኖ ቀርቷል። ያ ገንዘብ የመምህር ደመወዝ ነው፣ የእናቶች ዕቁብ ነው። እኛ ላይ እንዲደገም አልፈልግም።

(ክሩ፣ ማለትም ይህ የጥያቄና መልስ ሰንሰለት፣ ስለረዘመና አዲስ የገቡ ጎረቤቶች ስለጠየቁኝ፣ የተጻፉትን ምላሾች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል በራሴ አነጋገር እዚሁ አሰፍራለሁ።)

1ኛው ምላሽ የመጣው ከጠባሴ ሰፈር ልጅ ነው። ለአዲሱ ቤት እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ ጀመረና፣ ነገሩ ቀላል እንደሆነ፣ አረንጓዴ ከሆነ የቴሌ፣ አመድማ ከሆነ የመብራት እንደሚሆን ጻፈ። በዚህ ስሌት ትልቁ ሣጥን የመብራት ሆነ ማለት ነው። ብዙ ሰው ወደደለት።

2ኛዋ መላሽ በኤሌክትሪክ መስመር ሥራ የቆየች እህታችን ናት። የጠባሴውን ልጅ በትህትና አረመችው፤ ቀለም ምስክር አይሆንም አለች። አምራቹ የቀባውን ይዞ ይመጣል፣ ፀሐይም ያደበዝዘዋል፣ አንዳንዱንም ሰፈርተኛው ራሱ ይቀባዋል። የመብራት ከሆነ በሩ ላይ መብረቅ የተሳለበት ቢጫ ሦስት ማዕዘን ይፈለግ፤ ገቢና ወጪ ኬብሉም የእጅ አንጓ የሚያህል ወፍራም ነው። በአካባቢያችን 15 ሺህ ቮልቱን ወደ 400 እና 220 የሚያወርደው ትራንስፎርመር አብዛኛውን ጊዜ ምሰሶ ላይ ስለሚሰቀል በዓይን ይታያል፤ ከሥሩ የሚቆመው ማከፋፈያ ሣጥን ደግሞ ፊውዝና ማያያዣ እንጂ ማራገቢያ አይፈልግም። ስለዚህ የሚያጉረመርመው ሣጥን የመብራት ማከፋፈያ የመሆኑ ነገር እንዳልተዋጠላት ጻፈች። በሩ ተከፍቶ ወይም ሽቦው ወጥቶ ያየ ሰው ግን የማንም ይሁን የማን ሳይነካ 905 ይደውል ብላ ደመደመች። የጠባሴው ልጅም አመስግኗታል።

3ኛው ምላሽ የክሩ ምሰሶ ነው፤ እኔም ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ጸሐፊው ፋይበር በመቀጠል ሥራ የሚተዳደር ወንድማችን ነው። ማንኛውም የጎዳና ሣጥን መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው አለ፦ መብራት ይበላል ወይስ አይበላም?

መብራት የሚበላው ከውጭ ይታወቃል። ከምሰሶ የመጣ የኃይል መስመር አለው፣ ከጎኑ ወይም ከበሩ ጀርባ ቆጣሪ አለው፣ አየር ማስገቢያ አለው፣ ማራገቢያው ይሰማል፣ ከሥሩ ወደ መሬት የሚገባ የመሬት ሽቦ አለው። ውስጡ ባትሪዎች ተደርድረዋል፤ የቴሌኮም ዕቃ በ48 ቮልት ስለሚሠራ። ትልቁ አመድማ ሣጥን ይሄ ነው። ሠራተኞቹ ኤምሳን የሚሉት ሲሆን፣ በአንድ በኩል በፋይበር የመጣውን ብርሃን ተቀብሎ በሌላ በኩል በድሮው የመዳብ ሽቦ ስልክና ኢንተርኔት ወደየቤቱ ያከፋፍላል። መዳብ ርቀት አይወድም፤ ሽቦው በረዘመ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል። ስለዚህ ዕቃው ራሱ ወደ ሰፈር ቀርቦ እንዲቆም ተደረገ።

መብራት የማይበላው ደግሞ ዝም ይላል። ቆጣሪ የለውም፣ ቀዳዳ የለውም፣ በሩ ዙሪያውን በጎማ ጥብቅ ብሎ ይዘጋል፤ አቧራና ውኃ ጠላቶቹ ናቸውና። ጠባቡ ሣጥን ይሄ ነው። ውስጡ የመስታወት ክሮችና ስፕሊተር የሚባል ብርሃን ከፋይ አለ። ከቴሌ ማዕከሉ የመጣ አንድ የብርሃን ክር በስፕሊተሩ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፈላል፤ ለዚህ የሚያስፈልግ ምንም ኤሌክትሪክ የለም። ምሰሶው ላይ ያለው ትንሹ ጥቁር ሣጥን የመጨረሻው ማደያ ነው። ከእሱ ወደ ቤት የሚወርደው ጠፍጣፋ ጥቁር ገመድ በሁለቱ ጠርዝ ማጠናከሪያ ሽቦ፣ መካከሉ ላይ መስታወት ይዟል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄውን ወደድኩለት። ትልቁ ሣጥን ኤምሳን ነው ያልኩት በግምት ነው፣ አንዳንዱ ተመሳሳይ ሣጥን ውስጥ ፋይበሩን ለየቤቱ የሚያድለው ዋናው ዕቃ ራሱ፣ ኦኤልቲ የሚሉት፣ ሊቀመጥ ይችላል፤ አንዳንዴ ሁለቱም በአንድ መደርደሪያ ላይ ይሰካሉ፤ በሩ ሳይከፈት ይህን ለይቶ መናገር አይቻልም አለ። የሚያውቀውን ሰው የምለየው የሚያቆምበትን ቦታ ሲያውቅ ነው።

4ኛውን እኔ ጻፍኩ። ከጠባቡ ሣጥን ሥር ሠራተኞች ቆርጠው የጣሉት ቁራጭ ኬብል ነበር። ጥቁር ሽፋኑ ላይ በነጭ ቀለም ጂ.652ዲ፣ ቀጥሎ 48፣ ከዚያ በየሜትሩ እየጨመረ የሚሄድ ቁጥር ታትሟል። የተቆረጠው አፉ ላይ ሰማያዊ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴና ቡናማ ቀጫጭን ቱቦዎች ይታያሉ፤ ዙሪያቸውን የሚያጣብቅ ቅባት አለ። ከቱቦዎቹ ጫፍ የወጡት ክሮች ከፀጉር አይወፍሩም። ይህ ምን ይነግረናል ብዬ ጠየቅኩ።

5ኛው የዚያው የፋይበር ወንድማችን መልስ ነው። ቁራጩ ሁሉንም እንደነገረኝ ጻፈ። 48 ማለት 48 የመስታወት ክር ነው። ጂ.652ዲ የክሩ ዓይነት ሲሆን ለረጅም ርቀት የሚውለው ነው። የሜትር ቁጥሩ ብልሽት ሲፈለግ የት ቦታ እንደሆነ ለማስላት ይጠቅማል። ቅባቱ ውኃ እንዳይገባ ነው። ቀለሞቹ ቅደም ተከተል አላቸው፤ ሰማያዊ አንድ፣ ብርቱካንማ ሁለት፣ አረንጓዴ ሦስት፣ ቡናማ አራት እየተባለ ይቆጠራል። መዳብ ጨርሶ የለበትም፤ ስለዚህ ጠባቡ ሣጥን የፋይበር መሆኑ ተረጋገጠ። ከዚያ አነጋገሩ ጠበቅ አለ። ቁራጩን በባዶ እጅ እንዳልነካው፣ ልጆችም እንዳይጫወቱበት አስጠነቀቀ፤ የመስታወቱ ስንጥር ቆዳ ውስጥ ከገባ በዓይን አይታይም፣ ለማውጣትም ያስቸግራል። በጨርቅ ይዤ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ጠርሙስ ከትቼ አስወገድኩት። ሌላም ያየ ሰው እንዲሁ ያድርግ።

ከ6 እስከ 8 ያሉት ስለ ጨረር ናቸው። 6ኛዋ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏት እናት ናት፤ መኝታ ቤቷ ከትልቁ ሣጥን ጎን ስለሆነ ጭንቀቷን በግልጽ ጻፈች። 7ኛው ይህን የመሰለ ፍርሃት ከየት እንደሚመጣ አይገባኝም ብሎ ቀለል አድርጎ አለፈ፤ ያ ደስ አላለኝም፣ የእናት ጥያቄ እንዲህ አይመለስም። 8ኛዋ የፊዚክስ መምህርት በወጉ መለሰችላት። ፋይበር ውስጥ የሚሄደው ብርሃን ነው፤ በመስታወቱ ውስጥ ታሽጎ ስለሚጓዝ ወደ ውጭ የሚለቀው የሬዲዮ ሞገድ የለም። የሞባይል አንቴና ሌላ ነገር ነው፤ እነዚህ ሣጥኖች ላይ አንቴና አይታይም። እውነተኛው አደጋ ሌላ ቦታ ላይ ነው አለች፦ የተቆረጠ ክር ወይም የተነቀለ መሰኪያ ጫፍ በዓይን ቀጥታ አይታይ። ወደ ቤት የሚመጣው ብርሃን 1490 ናኖሜትር የሆነ፣ ዓይናችን የማያየው ሌዘር ነው፤ የለም ብለን ስናጎነብስ ሊኖር ይችላል። እናትየዋ እፎይ ማለቷን ጻፈች። የማራገቢያው ድምፅ ሌሊት እንቅልፍ እንደሚነሳት ግን አልሸሸገችም። ያ ቅሬታ ተገቢ ነው፤ ለሚመለከተው አካል በደብዳቤ ልናቀርበው ተነጋግረናል።

9ኛው ሁለተኛውን ጥያቄዬን አነሳ። ሣጥን መኖሩ አገልግሎት መኖር አይደለም አለ፤ እሱ የተከራየው ቤት ፊት ለፊት ሣጥን ቆሞ ሳለ ፖርት፣ ማለትም ለአንድ ቤት የሚሆን ማገናኛ ቦታ፣ የለም ተብሎ ብዙ ጠብቋል። 10ኛው የፋይበር ወንድማችን ምክንያቱን በቁጥር አስረዳ። ስፕሊተሩ ለ32 ከተከፈለ 33ኛው ቤት ቦታ የለውም፤ ሌላ ስፕሊተርና ሌላ ክር እስኪጨመር ይጠብቃል። ከማዕከሉ ወደ ቤቶች የሚወርደው የጋራ ፍጥነት ጂፖን በሚባለው በዚህ የብርሃን ማካፈል አሠራር 2.5 ጊጋቢት ገደማ ስለሆነ፣ 32ቱም ቤቶች በአንዴ እስከ ጥግ ቢጠቀሙ እንኳ ለእያንዳንዱ ወደ 78 ሜጋቢት ይደርሰዋል። መክፈሉ ግን ብርሃኑንም ያደክመዋል፤ ለ32 የሚከፍለው ብቻውን 17 ዴሲቤል (የብርሃን ድካም መለኪያ) ገደማ ይበላል፣ የሚፈቀደው ጠቅላላ ኪሳራ ደግሞ በተለመደው ዕቃ 28 ነው። የቀረው ለርቀቱ፣ ለመቀጠያዎቹና ለመሰኪያዎቹ ይብቃቃል። ቤት ውስጥ ገመዱን በበር ማጠፊያ ሥር አጥፎ የሚያሳልፍ ሰው ያንን ትርፍ በራሱ እጅ ይጨርሳል፤ መስታወት ሲታጠፍ ብርሃኑ ያፈሳል።

ስለዚህ ቤት ለመግዛት ወይም ለመከራየት የምትሄዱ፣ ደላላው ሣጥኑን አሳይቶ ፋይበር አለው ቢላችሁ አትርኩ። ቢሮ ሄዳችሁ ወይም 994 ደውላችሁ ለዚያ ቤት ክፍት ፖርት መኖሩን ጠይቁ። ይሄ የእኔ ምክር ነው፤ ከክሩ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ ብባል የምሰጣችሁ እሱን ነው።

11ኛው ምላሽ ከጋሼ ነው፤ ዕድሜያቸውን ባይጽፉም ከአነጋገራቸው ይታወቃል። ድሮ መብራት ሲሄድ የቤት ስልካቸው ይሠራ እንደነበር አስታውሰው፣ ይህ አዲሱ ነገር ግን መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይጠፋል ብለው አዘኑ። ጥያቄያቸው ጥልቅ ነበርና 12ኛዋ የፊዚክስ መምህርት በአክብሮት መለሰችላቸው። የመዳብ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከማዕከሉ በዚያው ሽቦ ላይ ነበር። መስታወት ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ቤት ያለው መቀበያ ዕቃ ከቤቱ መብራት መብላት አለበት። ጠባቡ ሣጥን ኃይል ስለማይፈልግ መብራት ቢሄድም አይጠፋም፤ ማዕከሉም ባትሪና ጄኔሬተር ይኖረዋል። የሚጠፋው እርስዎ ቤት ያለው ነው አለቻቸው። መቀበያውና ራውተሩ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቮልት የሚሠሩ በመሆናቸው ለሁለቱ የሚበቃ ትንሽ ባትሪ ገዝቶ ማስገባት ይቻላል፤ ጀርባቸው ላይ የተጻፈውን ቮልት ሳያዩ ግን እንዳይሰኩ ለመነቻቸው። ጋሼ መረቋት።

13ኛው ከሸዋ ሮቢት ሆኖ ገባና ክሩን ወደ አየር ጠባይ ወሰደው። እነሱ ጋ ትልቁ ሣጥን ቀንም ሌሊትም ሳያርፍ እንደሚጮህ፣ ደብረ ብርሃኖች በብርዳችን ዕድለኞች እንደሆንን ጻፈ። 14ኛው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ያለ ጋቢ የማይወጣበት ሰው ዕድለኛ ተብሎ እንደማያውቅ መለሰለት። 15 እና 16 ስለ ብርድ ልብስ፣ ስለ በረሳ ዳር ጉም፣ ጣርማበር ላይ ሲደርሱ ስለሚለወጠው አየር ሆኑ። ሳነብ ደስ ቢለኝም ከነገራችን ወጣን። 17ኛው መለሰን፤ ሸዋ ሮቢቴው ያነሳው ቁም ነገር እንዳለው አስረዳ። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ቆላ ያለው ሣጥን ባትሪ ከደጋው ቀድሞ ያረጃል፤ መብራት ሲሄድ ቶሎ የሚዘጋውም ለዚህ ነው። በእኛ በኩል ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆንን አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ሳሳ ያለ አየር ሙቀት የማውሰድ አቅሙ ያንሳል። ብርዱ የሰጠንን ከፍታው በጥቂቱ ይወስደዋል።

18ኛው ከእንግሊዝ አገር የጻፈ፣ ተወልዶ ያደገው ግን ደብረ ብርሃን የሆነ ልጅ ነው። እዚያ የጎዳና ሣጥን መለየት የተለመደ ጉዳይ ነው፤ መስመር የሚዘረጋው ድርጅት ብዙ ነውና። ኦፕንሪች የሚባለው መስመር ዘርጊ ድርጅት አረንጓዴ ሣጥኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይቆማሉ፤ ትንሹ የመዳብ ማገናኛ፣ ማራገቢያ ያለው ትልቁ ፋይበሩ የሚያበቃበት። ከዚያ ወደ ቤት የሚሄደው መዳብ ስለሆነ የሚሸጠው ፍጥነት ከ80 ሜጋቢት አያልፍም። ቨርጂን ሚዲያና ሲቲፋይበር የሚባሉት ድርጅቶች ደግሞ የየራሳቸው ሣጥን አላቸው። አዲስ በሚሠሩ ሰፈሮች ግን ፋይበሩ እስከ ቤት ስለሚገባ ከፋዩ ብዙ ጊዜ ማንሆል ውስጥ ወይም ምሰሶ ላይ ይቀመጣል፤ ሣጥን ጭራሽ ላይታይ ይችላል። በእንግሊዝ እንደ ፈረንጆቹ ከ2022 ማብቂያ ወዲህ አዲስ ቤት የሚሠራ አልሚ ለጊጋቢት ኢንተርኔት የሚሆን መስመር አብሮ እንዲያዘጋጅ የሕንፃ ደንቡ ያስገድዳል። ቁም ነገሩ እሱ ነው አለ፤ ቱቦው ከቤቱ ጋር አብሮ ይቀበራል።

19ኛው ተቆጣ። የፈረንጅ አገር ደንብ እዚህ ምን ያደርግልናል፣ እኛ ገና ውኃ በፈረቃ እየጠበቅን ነው ብሎ ልጁን ሸነቆጠው። 20ኛው ደግሞ ባሰ፤ ከሩቅ ሆኖ መምከር ቀላል ነው አለ። ልጁ ግን የሚያዋጣው ገንዘብ እናቱ ቤት ለሚነጠፈው መንገድ መሆኑን በ21ኛው አስታወሳቸው፤ ለዚህ መልስ የሰጠው አልነበረም። እኔ ከልጁ ጋር ነኝ። ውኃው እስኪስተካከል ቱቦ መቅበር ይቅር ብንል ነገ ውኃውም ቱቦውም በተነጠፈ ድንጋይ ሥር ሆነው ይጠብቁናል።

22ኛው በቀጥታ ወደ እኔ መጣ፣ ቃሉም ሹል ነበር። የትኛው ሣጥን ባትሪ እንዳለው፣ የትኛው መዳብ እንዳለው በአደባባይ መጻፍ ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው፤ ክሩ ይጥፋ አለ። ሁለት ሰዎች ደገፉት። 23ኛውን እኔ መለስኩ። ከመጀመሪያውም የሣጥኖቹን ቁጥር፣ የቁልፋቸውን ዓይነትና ትክክለኛ ቦታቸውን አልጻፍኩም፤ ፎቶም አልለጠፍኩም። ሌባ ባትሪ የት እንዳለ ከእኔ አይማርም። የሰፈሩ ሰው ግን ጠባቡ ሣጥንና ጥቁሩ ገመድ ውስጥ መስታወት እንጂ መዳብ እንደሌለ ማወቁ ይጠቅማል። መዳብ መስሎት ቆርጦ፣ ምንም ሳያገኝ ትቶት የሄደ ሰው የስንቱን ቤት መስመር ይዘጋል! መስታወት ለቁርጥራጭ ነጋዴ አይሸጥም፤ ይህ በስፋት በታወቀ ቁጥር ገመዱ ይተርፋል። ይህን የምለው ከልቤ ነው።

24ኛው ሕግ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ የቴሌኮምና የኤሌክትሪክ ኃይል አውታሮችን ለመጠበቅ በ1997 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ ቁጥር 464 መኖሩን፣ እነዚህን መስመሮች ሆን ብሎ ማበላሸት በከባድ እስራት እንደሚያስቀጣ አስታወሰ። 22ኛው መላሽም ፎቶ አለመኖሩን አይቶ ቁጣውን አበረደ። ያም ሆኖ በሩ ተከፍቶ ወይም ሌሊት ሰው ሲነካካው ላየ ጎረቤት መጀመሪያ የሚደወልለት የሰፈሩ ጥበቃ ተወካይ ይሁን ማለቱ ትክክል ነበርና የማህበሩ ኮሚቴ ተቀብሎታል።

25ኛው ሦስተኛውን ጥያቄዬን የሚመልስ ነው፤ ጸሐፊው የመሬት ቁፋሮ ማሽን የሚነዳ ሰው ነው። በአንድ አዲስ ሰፈር ሲሠራ ከሥር ምን እንዳለ የሚነግረው ሰው ስላልነበረ ባልዲው የፋይበር ኬብል ይዞ እንደወጣ፣ ያሠራው ተቋራጭም ጥፋቱን እሱ ላይ እንደጣለ ተረከ። ከዚያ ወዲህ ጥግ ላይ ሣጥን ካየ፣ ከሣጥኑ እስከ ቅርቡ የማንሆል ክዳን ድረስ በዓይኑ መስመር ያሰምራል፤ በዚያ መስመር ላይ በእጅ እንጂ በማሽን አያስቆፍርም። ሣጥን ብቻውን አይቆምም፣ የሚመግበው ነገር ከሥሩ ይመጣል አለ። ከክሩ ውስጥ ትልቅ ዕውቀት ያለበት አንዱ ንግግር ይሄ ነው፤ ሣጥን መለየት ለማወቅ ጉጉት ብቻ አይደለም፣ የት እንደማይቆፈር ይነግረናል።

26ኛው የገንዘብ ነገር አነሳ። ኮሚቴው ለቱቦ ተጨማሪ መዋጮ ሊጠይቅ ነው፤ መዘርጋት የድርጅቱ ሥራ እንጂ የነዋሪ አይደለም አለ። 27ኛዋ እውነት ነው፣ ኬብል መዘርጋት የእኛ አይደለም፣ ነገር ግን መንገዳችንን ማዳን የእኛ ነው ብላ መለሰች። ሁለቱ እስከ 31 ድረስ ተመላለሱ፤ በመካከሉ የማህበሩ ያለፈ ዓመት ሒሳብም ተነሳ፣ የሚያምሩ ያልሆኑ ቃላትም ተወረወሩ። ሒሳቡ ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀርብ ስለሆነ እዚህ አልደግመውም።

32ኛው ላይ የፋይበር ወንድማችን ተመልሶ ነገሩን ቆረጠው። ኬብል አትግዙ፣ መቀበያ አትግዙ፣ ሣጥኑንም አትንኩ አለ። የሚያስፈልገው መንገድ በሚሻገርበት ቦታ ሁሉ አንድ ለሥራ፣ አንድ ለመጠባበቂያ የሚሆኑ ባለ 110 ሚሊሜትር የፕላስቲክ ቱቦዎች ከኮብልስቶኑ አሸዋ በታች በጥልቀት ቀብሮ መተው ብቻ ነው። በውስጣቸው የናይሎን ገመድ ተሳልፎ ይቀመጥ፤ ነገ ኬብል የሚስበው ሰው በዚያ ይስባል። ሁለቱ ጫፎች በክዳን ይታሸጉ፤ ካልታሸጉ በክረምት በጭቃ ይሞላሉ፣ አይጥም ይገባባቸዋል። ቱቦው 90 ዲግሪ በሚታጠፍ መገጣጠሚያ አይዞር፤ ሰፋ ባለ ቅስት ይሂድ። ከመሸፈኑ በፊት ከቋሚ ነገር፣ ለምሳሌ ከአጥር ማዕዘን፣ በሜትር ተለክቶ ፎቶ ይነሳ። ቴሌና መብራት በአንድ ቱቦ አይገቡም። የመብራቷ እህታችን ይህን የመጨረሻውን በ33ኛው አጠናክራ፣ የኃይል ኬብል በሚቀበርበት ቦታ ላይ ማስጠንቀቂያ ያለው የፕላስቲክ ጥብጣብ ከበላዩ ካልተዘረጋ ለሚቆፍረው ሰው ሕይወት እንደሚያሰጋ ጨመረች።

34ኛው የ26ኛው ምላሽ ጸሐፊ ራሱ ነው። የሁለት ቱቦ ዋጋ ከሆነ እንደሚያዋጣ፣ ግን የመሻገሪያዎቹ ቁጥር ታውቆ በጽሑፍ ይቅረብ አለ። አግባብ ነው።

35፣ የእኔ። የመሻገሪያ ቦታዎቹን ከማሽን ነጂው ወንድማችን ጋር በእግር ሄደን እንለካለን፤ ማንሆሎቹንና ሣጥኖቹን በማህበሩ ካርታ ላይ እናስቀምጣለን። ካርታው በኮሚቴው እጅ ይቆያል፣ እዚህ አይለጠፍም። የቱቦውን ብዛትና ዋጋ የያዘው ጽሑፍ ከሚቀጥለው ስብሰባ በፊት ለእያንዳንዱ አባል ይደርሰዋል። ከቤቱ ፊት ለፊት ማንሆል ያለ፣ ክዳኑ በአፈር ተሸፍኖ የማይታይ ካለ እባካችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ድንጋይ አንጣፊዎቹ አሸዋ ካፈሰሱበት በኋላ ማግኘቱ ይከብዳል።